የሙቀት ርክክብ
ስለ አረጀ የኮምፒውተር የውኃ ማቀዝቀዣ ለሙያ ባልደረቦች የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ በመጠኑ ትንሽ፣ በሚያስከትለው ድካምና ወጪ ግን ትንሽ ያልሆነ ነው፤ ይኸውም ከተገዛ ጀምሮ አምስትና ስድስት ዓመት ያለ ቅሬታ ሲያገለግል የኖረ የኮምፒውተር የውኃ ማቀዝቀዣ፣ ባለቤቱ ቀኑን ለይቶ ሊናገረው በማይችል አኳኋን ቀስ በቀስ እየደከመ ሄዶ፣ በመጨረሻ ኮምፒውተሩን የሚያዘገየው፣ ማራገቢያዎቹን ያለ ዕረፍት የሚያስጮኸው፣ አንዳንድ ጊዜም በሥራ መካከል ድርግም አድርጎ የሚያጠፋው ስለ ምንድን ነው፣ ጉድለቱስ ከየትኛው ክፍል እንደ ሆነ በምን ይታወቃል የሚለው ነው። በየቢሮውና በየሱቁ እንደምናየው፣ ይህ ነገር የደረሰበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይም «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል» ብሎ እንደገና ሲያስጭን ይውላል፣ ወይም ምንም ሳያስመረምር አዲስ ማቀዝቀዣ ይገዛል። ሁለቱም አልፎ አልፎ ይሳካሉ፤ ነገር ግን የሚሳኩት በዕውቀት ሳይሆን በዕድል ስለ ሆነ፣ ለሚቀጥለው ኮምፒውተር የሚተርፍ ትምህርት አይሰጡም።

የእኔ ሐሳብ አንድ ነው። እንዲህ ያለውን ማቀዝቀዣ የሚመረምር ሰው «ስንት ዲግሪ ደረሰ?» ብሎ ብቻ ከመጠየቅ ይልቅ፣ «እዚያ ለመድረስ ምን ያህል ጊዜ ወሰደበት? ሥራው ሲቆምስ ለመውረድ ምን ያህል ዘገየ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ካቻቢቴ ከማንሣቱ በፊት ጉድለቱ ያለበትን ስፍራ አብዛኛውን ጊዜ ሊያውቀው ይችላል።

የሀገራችን ሊቃውንት ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት የሚባሉትን አራቱን ባሕርያት እያነሡ፣ በጠባያቸው የሚቃረኑት እነዚህ ፍጥረታት በፈጣሪ ጥበብ ተስማምተው የሚኖሩ መሆናቸውን ያስረዳሉ፤ እኔም በአንድ ኮምፒውተር ሣጥን ውስጥ ያለውን የውኃ ማቀዝቀዣ ከፍቼ ባየሁ ቁጥር ይህ ትምህርት ትዝ ይለኛል፤ በዚያ ጠባብ ስፍራ የእሳቱ ወገን ፕሮሰሰሩ፣ የመሬቱ ወገን መዳቡና አሉሚኒየሙ፣ በቱቦ የሚመላለሰው ውኃና ማራገቢያው የሚነዳው ነፋስ በአንድነት ይገኛሉና። ሙቀት ቦታውን ይለውጣል እንጂ እንዲያው አይጠፋም፤ ስለዚህ የማቀዝቀዣው ሥራ በሙሉ ርክክብ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሙቀቱን ቴርማል ፔስት በተባለው ቅባት በኩል ለመዳቡ ሠሌዳ፣ ሠሌዳው ለውኃው፣ ውኃው ለራዲያተሩ፣ ራዲያተሩ ለነፋሱ፣ ነፋሱም በመጨረሻ ለክፍሉ አየር ያስረክባል። ማቀዝቀዣው ደከመ ማለት ከነዚህ ርክክቦች ባንዱ ላይ ሙቀቱ መተላለፊያ አጥቶ ቆሟል ማለት ነው፤ የምርመራውም ጥበብ የቆመበትን ደረጃ ማግኘት ነው።

ውኃ ለዚህ አገልግሎት የተመረጠው ትናንት አይደለም። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1980 ያስተዋወቀው 3081 የተባለው ትልቅ ኮምፒውተር በውኃ የሚቀዘቅዝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ክሬይ 2 ደግሞ ከዚህም አልፎ፣ መላ አካሉ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ይሠራ ነበር። አፕል እ.ኤ.አ. በ2004 በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ፓወር ማክ ጂ5 ለገበያ አቅርቦ ነበር፤ ከዚያ ወገን የሆኑት አንዳንዶቹ ሲያረጁ ፈሳሹ እያፈሰሰባቸው ውስጣቸውን እንዳበላሸው ባለሙያዎች ያውቁታል። ዛሬ በየቤቱ የምናየው ዓይነት፣ ማለት ፋብሪካው ሞልቶና አሽጎ የሚልከው፣ ፓምፑና የመዳቡ ሠሌዳ በአንድ ክዳን ሥር የተጋጠሙለት ማቀዝቀዣ በሰፊው እንዲሠራጭ ብዙ አስተዋፅኦ ያደረገው በዴንማርክ አልቦር ከተማ የሚገኘው አሴቴክ የተባለው ኩባንያ ነው፤ ኮርሴር እ.ኤ.አ. በ2009 ኤች50 ብሎ የሸጠውም የዚሁ የአሴቴክ ሥራ ነበር። በዚያን ጊዜ ለገዢው የተነገረው ተስፋ «ውኃ አትሞሉም፣ ቱቦ አትቀጥሉም፣ ምንም አትነኩም» የሚል ነበር። ተስፋው እውነት ነው፤ ነገር ግን የማይነካ ዕቃ ሁሉ የማያረጅ ዕቃ እየመሰለን ተታለናል።

ለምን ያረጃል? የመጀመሪያው ምክንያት ውኃው መቀነሱ ነው። የቱቦው ጎማ ለዓይን ጠብታ ባያሳይም፣ የውኃ ረቂቅ እንፋሎት በዓመታት ውስጥ በግድግዳው እየሰረገ ይወጣል፤ ሙቀት ሲበዛበትም ይፋጠናል። በእነዚህ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከመጀመሪያውም ግማሽ ሊትር እንኳ የማይሞላ ስለ ሆነ፣ ከእሱ ጥቂት ሲጎድል በስፍራው የሚገባው አየር በፓምፑ ላይ ትልቅ ጣጣ ያመጣል። ሁለተኛው ምክንያት ከፈሳሹ ጠባይ የሚመነጭ ነው፤ ሠሌዳው መዳብ፣ ራዲያተሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም በመሆኑ፣ ሁለቱ ማዕድናት በአንድ ፈሳሽ ሲገናኙ አንደኛው ሌላውን እንዲበላው የሚያደርግ የኤሌክትሪክ ግብር በመካከላቸው ይነሣል። ፋብሪካው ይህን ለመከልከል ውኃውን ከግላይኮልና ዝገት ከሚከለክል መድኃኒት ጋራ ይቀላቅለዋል፤ መድኃኒቱ ግን ለዘላለም አይሠራም፤ ኃይሉ ሲያልቅ ዝገትና ዝቃጭ ይፈጠራል። ይህ ዝቃጭ የሚሄድበት ቦታ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ የመዳቡ ሠሌዳ ውስጠኛው ፊት ከሩብ ሚሊሜትር በጠበቡ ስንጥቆች የተተለመ ነውና፣ ደለል እንደ ሞላው የመስኖ ቦይ ውኃው ከላይ መጥቶ ማሳው ሳይደርስ ይቀራል።

እንግዲህ ወደ ምርመራው ልግባ። ነገር ግን ከምርመራው በፊት ማቀዝቀዣውን ያለ ጥፋቱ ከመክሰስ መጠንቀቅ ይገባል። በዚህ ዘመን ያሉ ፕሮሰሰሮች ለሙቀት የተሰጣቸው ወሰን እንደየዓይነታቸው ይለያያል፤ ከኢንቴል ብዙዎቹ እስከ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ሲሆኑ፣ ኤ.ኤም.ዲ. እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣቸው የሪዘን 7000 ትውልድ ፕሮሰሰሮች ደግሞ በከባድ ሥራ ጊዜ እስከ 95 ዲግሪ እንዲወጡ ሆን ተብሎ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ 95 የሚል ቁጥር በስክሪኑ ላይ አይቶ መደንገጥ ለአንዱ ተገቢ ሲሆን ለሌላው ከንቱ ነው። ትክክለኛው ምልክት ፕሮሰሰሩ ከወሰኑ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ከተለመደው መጠን እጅግ ዝቅ ማድረጉ ነው፤ ከ4 ጊጋኸርዝ በላይ ይሠራ የነበረው በዚያው ሥራ ወደ 2 ወይም ወደ 3 ቢወርድ፣ ያን ጊዜ ክሱ መሠረት አለው። ከዚህም ሌላ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ ከኋላ የሚሠራ ቫይረስ ወይም ፕሮግራም እንዳለ፣ ባዮሱ ሲታደስ ለፕሮሰሰሩ የሚፈቀደው ዋት ከፍ ብሎ እንደ ሆነ፣ የፓምፑ ገመድ የተሰካበት ቦታ በባዮሱ ውስጥ «ሳይለንት» በሚል ሥርዓት ታስሮ ፓምፑ በግማሽ ኃይሉ እንዲሠራ ተደርጎ እንደ ሆነ አስቀድሞ ማየት ያሻል። ፓምፕ እንደ ማራገቢያ ሙቀቱን እየተከተለ ፍጥነቱን ከሚለዋውጥ ሁልጊዜ ሙሉ ኃይሉን ቢያገኝ የተሻለ ነው፤ ይህን አንድ ነገር በማስተካከል ብቻ የዳኑ ማቀዝቀዣዎች ብዙ ናቸው።

ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ፈተናው ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ያለ ሥራ ጥቂት ጊዜ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ ሙቀትንና የፓምፕን ዙር የሚያሳይ፣ ለምሳሌ ኤች.ደብልዩ.ኢንፎ የመሰለ ፕሮግራም ይከፈታል፤ ከዚያም እንደ ሲኔቤንች ያለ ፕሮሰሰሩን በሙሉ ኃይሉ የሚያሠራ ፈተና ተጀምሮ፣ መርማሪው አንድ እጁን በሰዓቱ፣ ሌላውን በቱቦዎቹ ላይ ያደርጋል። በእጅ መንካትን እንደ ልማዳዊ ነገር የሚንቁት አሉ፤ እኔ ግን ብዙ ጊዜ ከመሣሪያው ይልቅ በእጄ አምናለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሙቀቱ ፈተናው በተጀመረ በሰከንዶች ውስጥ ተወርውሮ ከወሰኑ ቢደርስ፣ ፈተናው ሲቆምም እንዲሁ በሰከንዶች ውስጥ ተመልሶ ቢወርድ፣ ቱቦዎቹም በዚህ ሁሉ መካከል ለብ ከማለት ባያልፉ፣ ውኃው ደኅና ነው፤ ሙቀቱ ገና ከመጀመሪያው ርክክብ፣ ከፕሮሰሰሩና ከመዳቡ መገናኛ ላይ ቆሟል። ቴርማል ፔስቱ ደርቋል፣ ወይም ከመሞቅና ከመቀዝቀዝ ብዛት ወደ ዳር ተገፍቶ መካከሉን ባዶ ትቶታል፣ ወይም ሠሌዳውን የያዙት ብሎኖች ላልተዋል። ከሁሉ ይልቅ ርካሹ ጥገና ይኸው ነው፤ ደጋግሞም ይገኛል።

ሙቀቱ ፈጥኖ ወጥቶ፣ ፈተናው ሲቆም ግን በቶሎ አልወርድ ቢል፣ ደግሞም አንደኛው ቱቦ ሲያቃጥል ሌላው ቀዝቃዛ፣ ራዲያተሩም ምንም እንዳልደረሰበት ሆኖ ቢገኝ፣ ውኃው አይዘዋወርም። የእጄን ምስክርነት የማከብረው እዚህ ላይ ነው። እስቲ እናስላው፤ ፕሮሰሰሩ 200 ዋት ሙቀት ቢያወጣና በደቂቃ 1 ሊትር ውኃ በሠሌዳው ላይ ቢያልፍ፣ በገባውና በወጣው ውኃ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 3 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ይህን ያህል ልዩነት የሰው እጅ ለይቶ አያውቀውም፤ ስለዚህ በደኅናው ማቀዝቀዣ ሁለቱ ቱቦዎች ለእጅ እኩል ናቸው። የውኃው ጉዞ ወደ አንድ አሥረኛ ቢቀንስ ግን ልዩነቱ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ ይህን ዕውር እንኳ ያውቀዋል። እንግዲህ ሁለቱ ቱቦዎች በግልጽ ከተለያዩ ፓምፑ ሞቷል፣ ወይም አየር አንቆታል፣ ወይም የሠሌዳው ስንጥቆች ተደፍነዋል።

በዚህ ላይ ስክሪኑ የሚያሳየው የፓምፕ ዙር ብዙ ሰው ያሳስታል። ስንጥቆቹ በዝቃጭ ተደፍነው ውኃ ባያልፍም የፓምፑ ጎማ በባዶው መሽከርከሩን ስለማይተው፣ ቁጥሩ በደቂቃ 2,500 ዙር እያለ ሙቀቱ ሊገነፍል ይችላል። በአንጻሩም ኃይሉን ከፓወር ሰፕላዩ በሳታ ገመድ የሚቀበል ፓምፕ የዙር መቁጠሪያው ቀጭን ገመድ ከማዘርቦርዱ ቢነቀልበት፣ ስክሪኑ ዜሮ እያለ ፓምፑ በደኅና ይሠራል። ዙሩ የሚነግረን የፓምፑን መሽከርከር ነው፤ የውኃውን መሄድ የሚነግሩን ግን ቱቦዎቹ ናቸው።

አየር ያነቀውን ከተደፈነው ለመለየት ጆሮን መጠቀም ይቻላል። አየር የገባበት ፓምፕ በተለይ ጧት ሲነሣ ያንጎራጉራል፣ እንደሚንጠባጠብ ውኃ ያለ ድምፅም ያሰማል፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሣጥኑ በዝግታ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ተደርጎ ከተመለሰ በኋላ እንደገና ሲነሣም ድምፁ ይለወጣል፤ አንዳንዴም ሙቀቱ ወዲያው ይሻሻላል። አየር ከውኃ ይልቅ ቀላል ስለ ሆነ ውኃው በሚዞርበት መንገድ ውስጥ ካለው ስፍራ ሁሉ ከፍተኛውን ይመርጣል፤ ራዲያተሩ በሣጥኑ ወለል ላይ ተደርጎ ፓምፑ ከላይ ከሆነ፣ አየሩ የሚሰበሰበው በፓምፑ ውስጥ ነው። አዲስ ሲሆን ውኃው ሙሉ ስለ ነበር ይህ አቀማመጥ ያላስቸገረው ባለቤት፣ ውኃው በዓመታት ሲጎድል «ምንም አልነካሁትም፣ ምን ሆነብኝ?» ይላል። የራዲያተሩ አናት ከፓምፑ ከፍ እንዲል አድርጎ መልሶ መግጠም ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ዓመታት ይሰጠዋል። የተደፈነው ግን በማዘንበልም ሆነ በመንቀጥቀጥ አይለወጥም።

ሦስተኛው ሁኔታ በሀገራችን ከሁሉ ይልቅ የተለመደ ይመስለኛል። ሙቀቱ መጀመሪያ በመጠኑ ይወጣል፣ ከዚያም በየደቂቃው ጥቂት ጥቂት እየጨመረ ለብዙ ጊዜ ሲወጣ ይቆያል፤ ሁለቱም ቱቦዎች፣ ራዲያተሩም ጭምር ይግላሉ። እንግዲህ ፔስቱ አስረክቧል፣ ውኃውም ተሸክሞ አድርሷል፤ የተጓደለው የመጨረሻው ርክክብ፣ የራዲያተሩና የነፋሱ ነው። ማራገቢያው ሲነቀል ምክንያቱ በዓይን ይታያል፤ በማራገቢያውና በራዲያተሩ መካከል፣ ከውጭ ሲያዩት በማይታይበት ስፍራ፣ የአዲስ አበባ ደቃቅ አቧራ ከፀጉርና ከጨርቅ ብናኝ ጋራ ተቀላቅሎ የአሉሚኒየሙን ቅጠሎች ሸፍኖ ወፍራም ልባስ ሆኖ ይገኛል። ከፊት ያለውን የሣጥኑን መረብ በየሳምንቱ የሚያጸዳ ትጉህ ሰው እንኳ ይህን ላያየው ይችላል። ሲጸዳ ነፋሱ ዘወትር በሚሄድበት አቅጣጫ ሳይሆን በተቃራኒው መነፋት አለበት፤ አለዚያ አቧራው ይልቁን ወደ ውስጥ ይጠቀጠቃል። የማራገቢያው ምላጮችም በብሎወሩ ኃይል እንዳይሽከረከሩ በጣት መያዝ ይገባቸዋል፤ ከተሠሩበት ፍጥነት በላይ መሽከርከር መቀመጫቸውን ይጎዳልና።

ስለ ነፋስ ከተነሣ አይቀር፣ የውጭ መጽሔቶችን ቁጥር እንደ ወንጌል ለሚቀበሉ ወዳጆቼ አንድ ነገር ማስታወስ እወዳለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ያለች ከተማ በመሆኗ፣ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ያው ማራገቢያ በዚያው ዙር ያንኑ ያህል ስፋት ያለው አየር ቢነዳም፣ የተነዳው አየር ክብደቱ አነስተኛ ስለ ሆነ የሚሸከመው ሙቀትም ያንኑ ያህል ያንሳል። ስለዚህ በኮፐንሃገን ወይም በታይፔ የተፈተነ ራዲያተር እዚህ ያንኑ ውጤት ባይሰጥ ማቀዝቀዣውም ሻጩም አልበደሉም። የአዲስ አበባ ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ በመሆኑ ጉድለቱ ይካካሳል። ድሬዳዋ ያለ ሰው የከተማው ከፍታ ዝቅ ማለቱ ይጠቅመዋል፣ የክፍሉ ሙቀት ግን ይጎዳዋል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ወገኖቻችንም ኤርኮንዲሽናቸው በጠፋ ጊዜ ይህንኑ ያያሉ። የክፍሉ አየር 10 ዲግሪ ቢጨምር የፕሮሰሰሩም ሙቀት 10 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ ይህን የሚያስቀር ማቀዝቀዣ የለም፤ ማናቸውም ራዲያተር ውኃውን ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዘው አይችልምና።

አሁን ደግሞ ማቀዝቀዣውን ከፕሮሰሰሩ ላይ የማንሣቱን ሥራ ጠጋ ብለን እንየው፤ በዚህ ላይ ብዙ ንብረት ሲጠፋ አይቻለሁ። የደረቀ ፔስት ሁለቱን ፊቶች አጣብቆ ይይዛል። በተለይ ኤ.ኤም.4 በተባለው የኤ.ኤም.ዲ. መቀመጫ ላይ ፕሮሰሰሩን የሚይዘው ኃይል ደካማ ስለ ሆነ፣ ማቀዝቀዣውን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ የሚጎትት ሰው ፕሮሰሰሩን ጭምር ነቅሎ ያነሣዋል፤ ከሥሩ ያሉት ከአንድ ሺህ በላይ ቀጫጭን እግሮችም ይጣመማሉ። ስለዚህ አስቀድሞ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ አሠርቶ ፔስቱን ማለስለስ፣ ከዚያም አጥፍቶ፣ ገመዱን ከሶኬት ነቅሎ፣ ብሎኖቹን አንዱን ጥቂት ከዚያ የትይዩውን ጥቂት እያሉ ማላላት፣ በመጨረሻም ማቀዝቀዣውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በዝግታ እያዞሩ ማላቀቅ ነው። ሲነሣ ወዲያው አትጥረጉት። በፔስቱ ላይ የቀረው ማኅተም ምስክር ነው፤ መካከሉ ስስ ሆኖ እኩል ከተዳረሰ መጋጠሙ ደኅና ነበር፤ አንድ ጠርዝ ወፍራም፣ ሌላው ባዶ ከሆነ ሠሌዳው ያዘመመ ነበር ማለት ነው። ይህ ከታየ በኋላ በአልኮልና በማይበጣጠስ ጨርቅ ሁለቱን ፊቶች አጽድቶ፣ አዲሱን ፔስት በመካከል አድርጎ፣ ብሎኖቹን እንደ ፊተኛው በትይዩ ማጥበቅ ነው። በዚሁ አጋጣሚ ቱቦዎቹ ከፓምፑና ከራዲያተሩ የሚጋጠሙበትን ስፍራ በባትሪ መብራት ማየት ያስፈልጋል፤ አረንጓዴ ወይም ነጣ ያለ ደረቅ ቅርፊት ከታየ ፈሳሹ ወጥቶ እዚያ ደርቋል ማለት ነውና፣ ያ ማቀዝቀዣ በምንም ምክንያት ወደ ሥራ መመለስ የለበትም።

ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «ከፍተን ውኃ ብንሞላውስ?» የሚል ነው። ቢ ኳየትና አልፋኩል የተባሉት የጀርመን ኩባንያዎች መሙያ ቀዳዳ ያላቸውን ሠርተዋል፤ እንዲህ ያሉትን ከጊዜ ወደ ጊዜ መሙላት ይገባል፤ የሚሞላውም ፋብሪካው ያዘዘው ፈሳሽ ይሁን እንጂ የቧንቧ ውኃ ወይም በፕላስቲክ የታሸገ የመጠጥ ውኃ አይሁን፤ ሁለቱም የያዙት ማዕድን በእነዚያ ጠባብ ስንጥቆች ውስጥ ይጋገራልና። ከጋራዥ የሚገዛ የተጣራ የባትሪ ውኃ ከነዚህ ይሻላል፤ ቢሆንም ዝገት የሚከለክል መድኃኒት ስለሌለው ለብቻው አይበቃም፤ የሚገዛውም ሰው በስሕተት የባትሪ አሲድ ይዞ እንዳይመጣ ጠርሙሱን ደጋግሞ ያንብብ። የታሸገውን ግን መክፈት አልመክርም። ተከፍቶ፣ ታጥቦ፣ ተሞልቶ በትክክል የታሸገ አይጠፋም፤ ነገር ግን የተከፈተበት ጎማ አንድ ጊዜ ከተጣመመ በኋላ የሚያፈስሰው በፕሮሰሰሩ፣ በማዘርቦርዱና ከሥሩ ባለው በብዙ ሺህ ብር በሚቆጠረው የግራፊክስ ካርድ ላይ ነው። የጥገና ትጋት ከዕቃው ዋጋ በላይ የሆነ ንብረት ለአደጋ ሲያጋልጥ ትጋትነቱ ይቀራል። የአንዳንድ ፋብሪካዎች ዋስትናም እስከ 5 ወይም 6 ዓመት የሚዘልቅ ስለ ሆነ፣ ደረሰኙ ካለ መጀመሪያ እሱን መፈለግ ይበጃል፤ በገዛ እጁ የከፈተ ሰው ዋስትናውን ያጣል።

እንግዲህ ፔስቱ ታድሶ፣ አቧራው ተነፍቶ፣ ራዲያተሩ ከፍ ተደርጎ፣ ፓምፑ ሙሉ ኃይሉን አግኝቶ ሳለ ሁለቱ ቱቦዎች አሁንም የሚለያዩ ከሆነ፣ ዕድሜው አልቋል፤ ይለወጥ። በምን ይለወጥ ለሚለው የእኔን ፍርድ ብትጠይቁኝ፣ ሥራው በብዙ ሰዓት የሚለካ ቪዲዮ ማቀናበር ወይም ከባድ ስሌት ካልሆነ፣ መለዋወጫ ፈጥኖ በማይገኝበት በእኛ ሀገር፣ ባለ መዳብ ቱቦ የሆነ ትልቅ የነፋስ ማቀዝቀዣ የሚመረጥ ይመስለኛል። የኦስትሪያው ኖክቱዋ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ኤን.ኤች.ዲ.15 ከብዙ የውኃ ማቀዝቀዣዎች ጋራ የሚፎካከር ሲሆን፣ ከማራገቢያው በቀር የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ማራገቢያው ቢሞትም ሌላ ማራገቢያ ከማንኛውም ሱቅ ተገዝቶ በዚያው ቀን ይተካል። ክብደቱ ግን ከአንድ ኪሎ ስለሚበልጥ ከሣጥኑ ጋራ በመኪና የሚጓዝ ሰው ለብቻው ነቅሎ ቢይዘው ማዘርቦርዱን ከመሰንጠቅ ያድነዋል። የውኃውን መልክና ጸጥታ የሚወዱትን አልነቅፍም፤ እኔም እወደዋለሁ፤ ብቻ ሲገዙት የፓምፑን ዕድሜ ጭምር እየገዙ መሆናቸውን ይወቁ።

አዲሱ በተገጠመ ዕለት ግን ሳትዘነጉ የምታደርጉት አንድ ሥራ አለ። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሙቀት፣ የፓምፑን ዙር፣ ፈተናው እንደ ተጀመረ በመጀመሪያው ደቂቃ ፕሮሰሰሩ የደረሰበትን ዲግሪና ፍጥነት፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላም የደረሰበትን፣ ፈተናው ቆሞ ወደ ዕረፍት ሙቀቱ ለመመለስ የወሰደበትን ጊዜ በወረቀት ጻፉና ከሣጥኑ የጎን ክዳን ውስጠኛ ፊት ላይ ለጥፉት። ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ያንኑ ኮምፒውተር የሚከፍተው ሰው፣ እናንተም ሆናችሁ የማታውቁት ሌላ ባለሙያ፣ ያንኑ ፈተና በዚያው ሥርዓት ደግሞ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ሲያያቸው፣ የትኛው ርክክብ እንደ ደከመ ገና ብሎን ሳይነካ ያውቀዋል።

አሁን በጠረጴዛው ላይ ያለውን ማቀዝቀዣ ማየት የምትፈልጉ ቅረቡ፤ ሠሌዳውን ከፍቼዋለሁ፤ ስንጥቆቹን ለማየት አጉሊ መነጽር ይዣለሁ።